አሮጌው ጥርሴ የት ሄደ? አዲሱስ ከየት መጣ?

ልጅ እስከ አምስትና ስድስት ዓመቱ ድረስ ስለ ገላው አንድ ነገር አጥብቆ ያምናል፤ ያለው ሁሉ የራሱ ነው፣ ከቦታውም አይለቅም። ጸጉርና ጥፍር ይቆረጣሉ፤ ግን አያሙም፣ ደምም የላቸውም፣ ስለዚህ ከቁም ነገር አይገቡም። አንድ ቀን ዳቦ ሲገምጥ ከታች የፊት ጥርሶቹ አንዱ ይነቃነቃል። በምላሱ ይነካካዋል፣ በጣቱ ይሞክረዋል፣ መስታወት ፊት ቆሞ አፉን ይከፍታል። ከዚያ ወደ ትልቅ ሰው መጥቶ የሚጠይቀው ብዙ ጊዜ እኛ ከምንጠብቀው የተለየ ነው። እኛ ስለ ሕመሙ ይጠይቃል ብለን እናስባለን፤ እሱ ግን «ሌላውስ ይወልቃል?» ይላል። «ሌላው» ሲል የግድ ሌላውን ጥርስ ማለቱ አይደለም። ጣት አለ፣ ጆሮ አለ፣ አፍንጫም አለ።

ጥያቄው ተገቢ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ከገላው ተነቅሎ መዳፉ ላይ የተቀመጠ ጠንካራ ነገር አይቶ አያውቅም። ጥርስ ከወለቀ ጣት የማይወልቅበትን ምክንያትም ማንም አልነገረውም። ስለዚህ ምክንያቱን ራሱ ይፈልጋል። ልጆች ስለሚወልቅ ጥርስ የሚሉትን ቁጭ ብሎ ያዳመጠ ሰው ከጨዋታ ይልቅ ምርመራ ያገኝበታል፤ ያዩትን ይይዛሉ፣ ያላዩትን ከሚያውቁት ይሞላሉ። የሚደርሱበት ሐሳብ ለጆሮ እንግዳ ቢሆንም ውስጡ ብዙ ጊዜ እውነት አለበት። የትኛው እውነት፣ የትኛው ስሕተት እንደሆነ ለመለየት መንጋጋው ውስጥ የሚሆነውን ማወቅ ያስፈልጋል።

«አዲሱ ገፍቶ ጣለው»

ከልጆች ግምት ሁሉ የተለመደው ይኸኛው ነው። አዲስ ጥርስ ከሥር ይመጣል፣ አሮጌውን ይገፋል፣ አሮጌው ይወድቃል። ትልልቆቹም ብዙዎቻችን የምናስበው እንዲሁ ነው። አዲሱ ከሥር መኖሩ እውነት ነው፤ እንዲያውም ልጁ ከሚገምተው ቀደም ብሎ ጀምሮ እዚያው ነበር። የወተት ጥርሶች 20 ናቸው። ልጁ ገና ማኅፀን ውስጥ ሳለ መሠራት ይጀምራሉ፤ በአራተኛው የእርግዝና ወር ገደማም ማዕድን እየያዙ ይጠነክራሉ። ቋሚዎቹ የፊት ጥርሶች ደግሞ ሕፃኑ በተወለደ በሦስትና በአራት ወሩ መንጋጋው ውስጥ መጠንከር ይጀምራሉ። እንግዲህ የመጀመሪያዋ የወተት ጥርስ በስድስት ወሩ ገደማ ብቅ ስትልና ቤተ ዘመዱ «ጥርስ አወጣ!» ብሎ ሲደሰት፣ የምትተካት ጥርስ ከሥሯ ሥራዋን ጀምራለች።

ልክ ያልሆነው «ገፍቶ» የሚለው ነው። የወተት ጥርስ አጥንት ውስጥ ጠልቆ የተተከለ ሥር አለው፤ በመገፋት ብቻ አይነቀልም። ቋሚው ጥርስ መነሣት ሲጀምር በዙሪያው ያለው ስስ ከረጢት ምልክት ይሰጣል፤ በዚያ ምልክት ኦዶንቶክላስት የሚባሉ ሕዋሳት ይሰበሰባሉ። አጥንት ከሚያሟሙት ሕዋሳት ጋር ዝምድና አላቸው። አሲድና ኢንዛይም እያመነጩ የወተት ጥርሱን ሥር ቀስ በቀስ ያሟሙታል። ሥሩ ሲያልቅ ጥርሱን የሚይዘው ድድ ብቻ ይሆናል፤ መነቃነቁ የሚበዛውም ያን ጊዜ ነው። በመጨረሻ የሚወጣው ከድድ በላይ የነበረው ክፍል ብቻ ነው፤ ከሥሩ ባዶ፣ ጠርዙ የተበላ።

ስለዚህ ልጁ የወለቀችውን ጥርስ ገልብጦ «ሥር የላትም እኮ!» ሲል ያየውን በትክክል ተናግሯል። አንዳንዱ ከዚህ ተነሥቶ «ሥሯ ውስጤ ተሰብሮ ቀርቷል» ብሎ ይፈራል፤ ፍርሃቱንም ሳይናገር ለቀናት ይዞት ሊዞር ይችላል። መልሱ አጭር ነው፦ ሥሩ አልቀረም፣ ሟሟ። ለአምስት ዓመት ልጅ ለማስረዳት ሻይ ውስጥ የገባ ስኳርን ማሳየት ይበቃል፤ ማንኪያው ሲዞር ስኳሩ ሲጠፋ ያያል፣ ነገሩም ይገባዋል።

ልጆች አስተውለውት እኛ ችላ የምንለው ሌላ ነገር አለ። ጥርሱ ሲነቃነቅ ሰንብቶ አንድ ሳምንት ጠበቅ ይልና ልጁ «ጥርሴ ዳነ!» ይላል። አዋቂ ሰው ይህን እንደ ምኞት ይሰማዋል። እውነቱ ግን ሥሩ የሚሟሟው ሳያቋርጥ አይደለም። ሕዋሳቱ ሠርተው ያርፋሉ፤ በዕረፍቱ ጊዜ የተበላው ቦታ በከፊል ይጠገናል፣ ጥርሱም ጠበቅ ይላል። ከዚያ እንደገና ይጀመራል። ልጁ ያየው ነገር የጥርስ ሐኪሞች መጽሐፍ ውስጥ ተጽፏል፤ የሳተው የመጨረሻውን ውጤት ብቻ ነው።

ከሥር ተተኪ የሌለው ጥርስ የሚሆነውን ስናይ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። አንዳንድ ሰው ሲፈጠር የአንዱ ቋሚ ጥርስ ቡቃያ ሳይኖረው ይቀራል። እንዲህ ባለ ሰው አፍ ውስጥ የወተት ጥርሱ ሥሩ ሳይሟሟ እስከ ጉልምስና ሊቆይ ይችላል። የሚጠራው ከሌለ ብዙ ጊዜ ቶሎ አይሄድም ማለት ነው።

ተተኪው መንገዱን ሲስት ደግሞ ሌላ ነገር ይከተላል። የታችኞቹ ቋሚ የፊት ጥርሶች የሚሠሩት ከወተት ጥርሶቹ ሥር በስተኋላ፣ በምላስ በኩል ነው። ሥሩ በደንብ ካልሟሟ አዲሱ ከአሮጌው ጀርባ ብቅ ይላል፤ ልጁም ሁለት ረድፍ ጥርስ ይኖረዋል። ቤተሰቡ ይደነግጣል፤ ልጁ ግን «አውሬ ልሆን ነው» ብሎ ሊደሰትም ሊያለቅስም ይችላል። አሮጌው እየተነቃነቀ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይወድቃል፣ ምላስም አዲሱን ቀስ በቀስ ወደ ፊት ይገፋዋል። አሮጌው ጨርሶ የማይነቃነቅ ከሆነ ግን የጥርስ ሐኪም ይየው።

ከሁሉም ከባዱ ጥያቄ «ለምን ይወልቃል? ለምን እዚያው አያድግም?» የሚለው ነው። እግሩ አድጓል፣ እጁ አድጓል፤ ጥርሱ ግን ሕፃን ሳለ የነበረውን ያህል ነው። ይህን ያስተዋለ ልጅ ትልቅ ነገር ላይ ደርሷል። አጥንት ሕያው ስለሆነ ከልጁ ጋር ያድጋል። ጥርስ ግን አጥንት አይደለም። ከላይ የሚሸፍነው ኢናሜል በሰውነት ውስጥ ካለው ሁሉ ጠንካራው ሲሆን 96 በመቶው ማዕድን ነው። ኢናሜሉን የሚሠሩት ሕዋሳት ጥርሱ ድድ ሰንጥቆ ሲወጣ ይጠፋሉ፤ ከዚያ በኋላ ጥርሱ መጠኑን አይጨምርም፣ የተሸረፈውንም አይመልስም። መንጋጋው ይሰፋል፣ ጥርሱ ባለበት ይቀራል። ስለዚህ ለትንሹ መንጋጋ ትንንሽ 20፣ ለትልቁ መንጋጋ ተለቅ ተለቅ ያሉ 32 ጥርሶች ተዘጋጅተዋል። የጣት አጥንት ከልጁ ጋር ስለሚያድግ መለወጥ አያስፈልገውም፤ «ሌላውስ ይወልቃል?» ለሚለው የመጀመሪያ ጥያቄ እውነተኛው መልስ ይህ ነው።

እዚህ ላይ እንስሳትን ማንሣት ልጆችን በጣም ያስደስታቸዋል። አዞ ዕድሜውን ሙሉ ጥርስ ይለውጣል። ዝሆን በሕይወት ዘመኑ መንጋጋ ጥርሶቹን ስድስት ዙር ይጠቀማል። የአይጥ የፊት ጥርስ ግን አይለወጥም፣ ማደጉንም አያቆምም፤ ዕድሜዋን ሙሉ የምትከረትመው እሱን ለማሳጠርም ነው። ይህችን አይጥ አትርሷት፤ በኋላ ትመጣለች።

«በከረሜላው ምክንያት ነው»

በልጆች ግምት ውስጥ እኔን የሚያሳስበኝ ይኸኛው ነው። «ከረሜላ አትብላ፣ ጥርስህ ይረግፋል» እየተባለ ያደገ ልጅ ጥርሱ ሲወልቅ ምን ያስብ? ተነግሮታል፤ አልሰማም፤ ይኸው ወለቀ። ታናሽ ወንድሙን የመታ ልጅም «ስለመታሁት ነው» ሊል ይችላል። የስዊዘርላንዱ የሥነ ልቦና ሊቅ ዣን ፒያዤ በ1932 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው ጥናት ትንንሽ ልጆች ጥፋትና ክፉ አጋጣሚ በራሳቸው የተሳሰሩ እንደሚመስላቸው አሳይቷል፤ ያጠፋ ልጅ ድልድይ ሲሻገር ውኃ ውስጥ ቢወድቅ የወደቀው ስላጠፋ ነው ይላሉ። ጥርስ ላይ ይህ አስተሳሰብ ሲደርስ ጤናማው ነገር ቅጣት ይሆናል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥርስ ሳይነቃነቅ አስቀድሞ መንገር ይሻላል፤ የሁሉም ልጅ ጥርስ ይወልቃል፣ የጨዋውም የረባሹም። አብዛኛውን ጊዜ በስድስት ዓመት ገደማ ከታች ሁለቱ የፊት ጥርሶች ይጀምራሉ፤ አንዳንዱ ልጅ ቀደም ይላል፣ አንዳንዱ ሰባት ዓመት ይሞላዋል። የመጨረሻዎቹ በ12 ዓመት ገደማ ይወልቃሉ። ጣፋጭ ጥርስን ማበስበሱ እውነት ነው፤ ግን ያ ሌላ ነገር ነው፣ ይህም ሌላ። ሁለቱን ለይቶ ላልነገሩት ልጅ ሁለቱም አንድ ናቸው።

አዲሱ ጥርስ ሲወጣም ያው ጥርጣሬ ይመለሳል። አዲሱ ከጎኑ ካሉት የወተት ጥርሶች ይልቅ ቢጫ ቢጫ ይላል፤ ጠርዙም እንደ መጋዝ ሦስት ጉብታ አለው። ልጁ «የተበላሸ ጥርስ ወጣልኝ» ብሎ ያዝናል። ቢጫነቱ ከኢናሜሉ ሥር ያለው ዴንቲን የሚባለው ክፍል ቀለም ነው፤ የወተት ጥርስ በተፈጥሮው ነጣ ያለ ነው። ጉብታዎቹም ከላይ ከታች እየተነካኩ ሲነክሱ ይለሰልሳሉ።

በስምጥ ሸለቆ ለሚያድጉ ልጆች ጉዳዩ ከዚህ ይከብዳል። እንደ ወንጂ ባሉ ቦታዎች የከርሰ ምድር ውኃው የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው ወሰን፣ ማለትም በሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም፣ የበለጠ ፍሎራይድ ይዞ ይገኛል። ልጁ ይህን ውኃ እየጠጣ የሚያድግባቸው የመጀመሪያዎቹ ስምንት ዓመታት ቋሚ ጥርሶቹ ከድድ ሥር የሚሠሩባቸው ዓመታት ናቸው። ስለዚህ የወተት ጥርሱ ነጭ የነበረ ልጅ አዲሱ ጥርሱ ቡናማ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። መፋቂያው አይፍቀው፣ ቡርሹ አያስለቅቀው። ልጁ «ስላልፋቅሁ ነው» ብሎ አፉን እየሸፈነ መሳቅ ሲጀምር ማየት ያማል። ጥፋቱ የሱ አይደለም፤ ጥርሱ ገና ሳይወጣ ውኃው ሥራውን ጨርሶ ነበር። ይህን ለልጁ በግልጽ መንገር የወላጅም የአስተማሪም ግዴታ ነው፤ ዝቅተኛ ፍሎራይድ ያለው ውኃ ለልጆቹ ማቅረብ ደግሞ የመንግሥት።

ከቅጣት ሐሳብ የሚሻለው ልጆች ራሳቸው የሚያመጡት ሌላ ማብራሪያ አለ፤ «ጥርሴ ደከመው፣ ኃይሉ አለቀ» የሚል። ካዮኮ ኢናጋኪና ጊዮ ሃታኖ የተባሉ የጃፓን ተመራማሪዎች ስድስት ዓመት ገደማ የሆኑ ልጆች ስለ ሰውነት ሲጠየቁ ነገሩን በኃይል እንደሚያስረዱ አስተውለዋል። ምግብ ኃይል ይሰጣል፣ ሆድ ከምግቡ ኃይል ይወስዳል፣ ኃይል ያገኘ ያድጋል። ልጁ ይህን ያገኘው ከሕክምና መጽሐፍ አይደለም፤ ከማዕድ ነው፣ «ብላ፣ ኃይል እንዲሆንህ» ከሚለው የእናት ቃል። ሳይንስ ባይሆንም ወደ ሳይንስ የሚያደርስ መንገድ ላይ ነው፤ ሰውነት በራሱ ሕግ እንደሚሠራ፣ ለቅጣትም ለሽልማትም እንደማይሠራ ተረድቷል። ይህን የሚል ልጅ ቢያጋጥማችሁ አታርሙት፤ «ታዲያ አዲሱ ኃይሉን ከየት ያገኛል?» ብላችሁ ጠይቁት። ራሱ ወደ ወተት፣ ወደ እንቁላል፣ ወደ ሽሮ ይወስዳችኋል።

ጣሪያው፣ አይጧና ቁራው

በብዙ የኢትዮጵያ ቤት የወለቀ ጥርስ ጣሪያ ላይ ይወረወራል። ልጁ በረንዳ ላይ ወይም ግቢ መካከል ቆሞ፣ አሮጌውን ሰጥቶ ነጭ አዲስ ጥርስ ይለምናል። ለማን እንደሚላክና ምን እንደሚባል ከቤት ቤት ይለያያል። በእኛ ቤት ተቀባዩ ቁራ ነበር። የእህቴ ልጅ ተራዋ ሲደርስ ጥርሷን በመዳፏ ይዛ አያቷ ፊት ቆመች።

«እማማ፣ ቁራ ጥርስ የለውም እኮ።»

«የለውም፣ የኔ ዓለም።»

«ታዲያ ምን ይሰጠኛል?»

አያቷ ጥቂት አሰበችና «ሰጪው እግዜር ነው፤ ቁራው መልእክተኛ ነው» አለቻት። ልጅቱ ወደ ጣሪያው ቀና ብላ «እንግዲያ ቶሎ ይብረር» አለችና ወረወረችው።

ይህን ያነሣሁት ልጅ ተረት ሲነገረው አእምሮውን እንደማይዘጋ ስለሚያሳይ ነው። ወፍ ጥርስ እንደሌላት አስተውላለች፤ የማይገጥመውን ጠየቀች፤ የሚገጥም መልስ ስታገኝ ተቀበለች። በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ዣክሊን ዉሊና ባልደረቦቿ በ2004 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት ይህንኑ ፈትነዋል። ለመዋዕለ ሕፃናት ልጆች ከዚያ በፊት ሰምተውት የማያውቁትን ፍጡር ፈጥረው ነገሯቸው፤ ሌሊት መጥታ ከረሜላ ወስዳ በምትኩ አሻንጉሊት የምትተው የከረሜላ ጠንቋይ። ከፍ ከፍ ካሉት ልጆች መካከል ጠዋት አሻንጉሊት ያገኙት ካላገኙት ይልቅ አጥብቀው አመኑ። ልጆች የሚያምኑት የሰሙትን ሁሉ አይደለም፤ ማስረጃ ይመዝናሉ። ማስረጃውን የሚያስቀምጠው ትልቅ ሰው መሆኑን ብቻ አያውቁም።

የዓለም ሕዝብ የወለቀ ጥርስን የላከባቸው ቦታዎች በርካታ ናቸው፤ አይጥ ግን ከሁሉ ጎልታ ትታያለች። ምክንያቱን አሁን አንባቢው ያውቀዋል፤ ጥርሷ ማደግ የማያቆም እንስሳ ናት። የስኮትላንዱ የባህል አጥኚ ጄምስ ፍሬዘር በ1890 (እ.ኤ.አ.) መታተም በጀመረው «ወርቃማው ቅርንጫፍ» በተባለው ሥራው ይህን ልማድ አንሥቶታል፤ ጥርሱን ለአይጥ የሚሰጥ ሰው የሷን የመሰለ ጠንካራ ጥርስ እንዲወጣለት ነው። በጃፓን የታችኛው ጥርስ ጣሪያ ላይ፣ የላይኛው ደግሞ ወደ ወለል ሥር ይጣላል፤ አዲሱ አሮጌው ወደ ሄደበት አቅጣጫ ቀጥ ብሎ እንዲያድግ። በግብፅ፣ በዮርዳኖስና በኢራቅ ወደ ፀሐይ ይወረወራል።

ከሁሉ የምወደው የማድሪዱን ታሪክ ነው። በ1894 (እ.ኤ.አ.) ገደማ የስፔን ንጉሥ የስምንት ዓመት ልጅ ነበር፤ አልፎንሶ 13ኛ። አባቱ የሞተው እሱ ሳይወለድ ነው፤ ስለዚህ ከተወለደባት ቀን ጀምሮ ንጉሥ ነበር። ጥርሱ ሲወልቅ ሉዊስ ኮሎማ የተባለ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ታሪክ እንዲጽፍለት ተጠየቀ። ኮሎማም ፔሬዝ የተባለውን አይጥ ጻፈ። አይጡ ከነቤተሰቡ የሚኖረው ማድሪድ፣ አሬናል ጎዳና ቁጥር 8 በነበረ የኬክ መሸጫ ቤት፣ የብስኩት ሣጥን ውስጥ ነው። ትንሹን ንጉሥ ሌሊት አስነሥቶ ከተማውን ያዞረዋል፤ የድሃ ልጅ የሚተኛበትን ቤት ያሳየዋል። ንጉሡ ድሃውም እንደሱ ጥርስ የሚወልቅለት፣ እንደሱ የሚጠብቅ ልጅ መሆኑን ያያል። ዛሬ በስፔንና በብዙ የላቲን አሜሪካ አገሮች ጥርስ የሚወስደው አይጥ ፔሬዝ ነው፤ የማድሪድ ከተማም በ2003 (እ.ኤ.አ.) በዚያ ቤት ላይ የመታሰቢያ ጽሑፍ ለጥፎለታል። ጥርስ መውለቅ ንጉሥና ድሃ የማይለይ መሆኑን ለስምንት ዓመት ንጉሥ ማስረዳት ቀላል ሥራ አይደለም፤ ኮሎማ በአንድ አይጥ ሠራው።

በአሜሪካ ትራስ ሥር የተቀመጠ ጥርስ ወስዳ ገንዘብ የምትተው የተረት ፍጡር አለች፤ በእስራኤልም እንዲሁ። እዚያ የሚያድጉ የእኛ ልጆች ትምህርት ቤት ስለሷ ሰምተው ይመጣሉ፤ ቤት ውስጥ ደግሞ ስለ ጣሪያ ይሰማሉ። ጓደኛዬ ዶላር አገኘ፣ እኔስ ይላሉ። ወላጅ ከሁለቱ አንዱን ለመምረጥ አይገደድም። የኔን አስተያየት ከጠየቃችሁ ግን ጣሪያው ይበልጥብኛል። ትራስ ሥር ገንዘብ የሚያስቀምጠው ወላጅ ነው፤ አንድ ቀን ልጁ ይደርስበታል። ጣሪያው ግን የሚጠየቀው ጥርስ ነው፣ የሚመጣውም ጥርስ ነው። ማንም ሌሊት ተነሥቶ መደበቅ አያስፈልገውም። ልጁ ለምኗል፣ ሳምንታት ጠብቋል፣ በምላሱ ሲነካው ሹል ነገር አገኘ። መንጋጋው ቃሉን ጠበቀ። አፓርታማ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ለሚኖር ቤተሰብ ጣሪያ ከሌለ የአያት ግቢ አለ፤ በዓል እስኪደርስ ጥርሱ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይቆያል።

የትልልቆች ግምት ሲጎዳ

የልጆች ግምት ራሳቸውን ቢያስጨንቃቸውም የማንንም ገላ አይጎዳም። ስለ ሕፃናት ጥርስ ከትልልቆች የመጣ አንድ ግምት ግን ጎድቷል፤ አሁንም ይጎዳል። ሕፃኑ ጥቂት ወራት ሲሞላው የክራንቻ ጥርሱ የሚወጣበት ድድ ነጣ ብሎ ያብጣል። ሕፃኑ በዚያው ሰሞን ተቅማጥ ወይም ትኩሳት ከያዘው በሽታው ከዚያ እብጠት ነው ይባላል፤ «ግግ ነው፣ ይውጣለት» ተብሎም ድዱ በስለት ይፈለፈላል። የሚወጣው ትል የሚመስለው ነገር ገና ያልጠነከረ የጥርስ ቡቃያ ነው። ሕፃኑ ደም ይፈሰዋል፤ ባልጸዳ ስለት ቴታነስና ሌላ ተላላፊ በሽታ ሊይዘው ይችላል፤ ከሥር ያለው ቋሚ ጥርስም ይጎዳል። በ1994 (እ.ኤ.አ.) በእስራኤል የጥርስ ሐኪሞች ከኢትዮጵያ የሄዱ ቤተ እስራኤል ልጆችን መርምረው ያሳተሙት ጥናት የወተት ክራንቻቸው ቡቃያ የወጣባቸው ልጆች ቋሚ ጥርሳቸውም ላይ እክል እንደሚገኝ አሳይቷል። የተቅማጥ መድኃኒቱ የሕይወት አድን ንጥረ ነገርና ጤና ጣቢያ ነው። ድዱን አትንኩት።

ለትልቁም ልጅ ከዚሁ የሚያያዝ ምክር አለ። የሚነቃነቅ ጥርስ ልጁ በምላሱና በንጹሕ ጣቱ ያንቀሳቅሰው፤ ክር አስሮ በበር መንጠቅ ሥሩ ያልሟሟውን ጥርስ አስገድዶ ይነቅላል፣ ልጁንም ጥርስንና ፍርሃትን አያይዞ እንዲያይ ያደርገዋል። ሲወልቅ ጥቂት ደም ይኖራል፤ ንጹሕ ጨርቅ ነክሶ ጥቂት ደቂቃ ቢቆይ ይቆማል። ሲበላ ቢውጠው በሆዱ አልፎ ይወጣል፤ «ሆዴ ውስጥ ይነክሰኛል» የሚለውን ሥጋት ግን አትሳቁበት፣ አስረዱት። ጥርሱ ሲወልቅ አጥብቆ መሳልና መተንፈስ ማቃት ከመጣ ግን ወደ አየር ቧንቧ ገብቶ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ዘንድ ፈጥኖ መድረስ ያስፈልጋል። ወድቆ የወለቀበት የወተት ጥርስ ከሆነ መልሳችሁ አትትከሉት፤ ከሥር ያለውን ይጎዳል። ቋሚ ጥርስ ከሆነ ሥሩን ሳትነኩ አክሊሉን፣ ማለትም ከድድ በላይ የሚታየውን ክፍል፣ ይዛችሁ ወደ ቦታው መልሱት፤ ካልሆነ ወተት ውስጥ አድርጋችሁ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ድረሱ።

አንድ ነገር ልጨምር። በስድስት ዓመት ገደማ ቤተሰቡ በሙሉ የፊቱን ፍንጭት እያየ ሲስቅ፣ ከአፉ መጨረሻ፣ ከመጨረሻው የወተት መንጋጋ በስተኋላ፣ አራት ትልልቅ ጥርሶች ድድ ሰንጥቀው ይወጣሉ። ከነሱ በፊት እዚያ ቦታ የነበረ ጥርስ ስለሌለ ምንም አይወልቅም፤ ስለዚህ ልጁም ወላጁም አያስተውላቸውም፣ ያያቸውም የወተት ጥርስ ይመስሉታል። ቋሚ ናቸው፤ ቢበሰብሱ የሚተካቸው የለም። ልጃችሁ ስድስት ዓመት ከሞላው ዛሬ ማታ አፉን አስከፍታችሁ ከኋላ ተመልከቱ፤ ቡርሹም መፋቂያውም እዚያ ድረስ ይድረስ።